ነጻነት እንደ ተቋም፦ የአኒ ዲፍራንኮ ሥራና የዘፈን ጥናታችን

መግቢያ

አኒ ዲፍራንኮ የተባለችው አሜሪካዊት የፎክ ዘፋኝና የዘፈን ደራሲ በተነሣች ቁጥር አብሮ የሚነሣ አንድ ታሪክ አለ። የሙዚቃ ኩባንያዎች ውል ይዘው መጡ፤ እርሷም እምቢ አለች፤ የራሷን ማሳተሚያ አቋቁማም ብቻዋን ተሳካላት። ታሪኩ አጭር ነው፤ ለማስታወስም ይቀላል። በመሠረቱም ሐሰት አይደለም። ይሁን እንጂ ለተመራማሪ የሚበቃ አይመስለኝም። ነጻነትን ከአንድ ሰው የጠባይ ጽናት ብቻ የሚመነጭ ነገር አድርጎ ስለሚያቀርበው፣ ያ ነጻነት በምን እንደ ተሠራ፣ እነማን እንደ ደገፉትና ምን እንዳስከፈለ እንዳንጠይቅ ያደርገናል።

በዚህ አጭር ጽሑፍ የምከራከርለት ሐሳብ የሚከተለው ነው። የዲፍራንኮ ነጻነት የጠባይ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ተቋም ነው። ተቋሙ ከእርሷ በፊት የነበሩ ሰዎች በጠረጉት መንገድ ላይ የቆመ ነው፤ በዘፈኖቿ ቅርጽና ይዘት ላይም አሻራውን ትቷል። ስለዚህ የዘፈን ግጥም የምናጠና ሰዎች «ዘፈኑ የማን ንብረት ነው?» የሚለውን ጥያቄ ለንግድ ሥራ ትምህርት ክፍል ትተን ልናልፍ አይገባም።

ይህን የምለው ከራሴ ስሕተት ተነሥቼ ነው። የማስተርስ ጥናቴን ስጀምር ግጥሞቹን ብቻ ነጥዬ ለመተንተን አቅጄ ነበር። ስለ ማሳተሚያ፣ ስለ ሥርጭትና ስለ ውል የሰበሰብሁትን ሁሉ «የጀርባ መረጃ» በሚል ርእስ አንድ ገጽ ውስጥ አጭቄ አስቀመጥሁት። እየቆየ ሲሄድ ግን፣ ስለ ግጥሞቹ ላነሣኋቸው ጥያቄዎች መልስ የማገኘው ከዚያች ገጽ እንደ ሆነ ተረዳሁ። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

«ፎክ» ስንል

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በአማርኛ «የሕዝብ ዘፈን» ስንል ደራሲው የማይታወቅ፣ በቃል ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፍ ዘፈን ወደ አእምሯችን ይመጣል። በአሜሪካም የቃሉ የመጀመሪያ ትርጉም ይኸው ነበር። ነገር ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ትርጉሙ ሁለት ሆነ። እንደ ዉዲ ገትሪ (1912–1967) ያሉ ዘፋኞች በነባር ዜማዎች ላይ ስለ ስደተኛ ገበሬ፣ ስለ ሥራ አጥና ስለ ሠራተኛ ማኅበር አዳዲስ ቃላት ማኖር ጀመሩ። ከዚያ በኋላ «የፎክ ዘፋኝ» ማለት ነባሩን የሚያወርስ ሰው ብቻ ሳይሆን፣ ራሱ ደርሶ፣ በጥቂት መሣሪያ ታጅቦ፣ ስለ ዘመኑ ሕይወት የሚዘፍን ሰውም ማለት ሆነ።

ዲፍራንኮ የምትመደበው በሁለተኛው ትርጉም ነው። የመጀመሪያው ትርጉም ግን ጨርሶ አልጠፋም። የፎክ ዘፈን ተቀብለው የሚያቀብሉት ነገር ነው የሚለው እምነት ባለደራሲ በሆነው ዘፈን ውስጥም ይኖራል። እንግዲህ በዚህ ዘርፍ የባለቤትነት ጥያቄ ከሌላው የሙዚቃ ዘርፍ ይልቅ የሚከብደው ስለዚህ ይመስለኛል። የጋራ ሀብት ነው ተብሎ የሚታመን ነገር በአንድ ኩባንያ መዝገብ ውስጥ ሲቆለፍ ተቃርኖው ጎልቶ ይታያል።

ከቡፋሎ የተነሣ መንገድ

ዲፍራንኮ በ1970 በኒውዮርክ ግዛት በቡፋሎ ከተማ ተወለደች። ቡፋሎ በኢሪ ሐይቅ ዳር የተቆረቆረች፣ በእህል ንግድና በብረት ሥራ የደረጀች ከተማ ነበረች። በአጠገቧ በላካዋና የነበረው ግዙፍ የብረት ፋብሪካ አብዛኛውን ሥራውን ያቆመው በ1983፣ ዲፍራንኮ ገና በዐሥራዎቹ መጀመሪያ ሳለች ነው። ስለዚህ ያደገችው ሥራ በሚዘጋበት ከተማ ነው። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆናት ጊታር ያዘች፤ ማይክል ሜልድረም የተባለ የከተማው የፎክ ዘፋኝና አስተማሪም በየመዝናኛ ቤቱ መድረክ አስለመዳት። በ15 ዓመቷ በሕግ ራሷን ቻለች። ቀጥሎም ወደ ኒውዮርክ ከተማ ሄዳ ኒው ስኩል በተባለው የትምህርት ተቋም ገጣሚው ሴኩ ሰንዲያታ ዘንድ ግጥም ተማረች። የመጀመሪያ አልበሟን ያወጣችው በ1990 ነው፤ ኋላ ራይቸስ ቤብ ሪከርድስ ተብሎ የታወቀው ማሳተሚያም ከዚሁ ካሴት ጋር ተወለደ።

ውሳኔው ምን ማለት እንደ ነበር ለመረዳት በዘመኑ የተለመደውን ውል ማስታወስ ይበጃል። በተለመደው አሠራር ኩባንያው ለዘፋኙ ቅድሚያ ክፍያ ይሰጣል፤ የቀረጻውንም ወጪ ይሸፍናል። ይህ ሁሉ ገንዘብ ግን ከዘፋኙ የሽያጭ ድርሻ ላይ ተቆራርጦ የሚመለስ ዕዳ ነው። ዕዳው ተከፍሎ ካለቀ በኋላም ቢሆን የዘፈኑ ዋና ቅጂ የኩባንያው ንብረት ሆኖ ይቀራል። ዲፍራንኮ ቅድሚያ ክፍያውን ተወችው፤ በምትኩ ዋናውን ቅጂ ያዘች። ይህ ማለት ከእያንዳንዱ ካሴት የምታገኘው ድርሻ ከፍ ያለ ሲሆን፣ ካሴቱን ሰው እጅ የማድረሱ ድካም ግን በሙሉ የእርሷ ሆነ ማለት ነው። ከከተማ ወደ ከተማ፣ ከኮሌጅ ወደ ኮሌጅ እየተዘዋወረች ዘፈነች፤ በዘፈነችበት ቦታም ሸጠች። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዝናዋን ያሰራጨው ሬዲዮ ሳይሆን፣ ከአድማጭ ወደ አድማጭ እየተቀዳ የሚተላለፈው ካሴት ነበር።

ጠራጊዎቹ

«ብቻዋን ተሳካላት» የሚለው ታሪክ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሞዝስ አሽ ፎክዌይስ ሪከርድስን ያቋቋመው በ1948 ነው፤ ያሳተመውን ሸክላ ገዢ አነሰው ብሎ ከካታሎጉ ያለማውጣት መርሕ ነበረው። ከእርሱ ሞት በኋላ ስብስቡ በ1987 ወደ ስሚዝሶኒያን ተቋም ተዛወረ። ዘፋኟ ሆሊ ኒር ሬድዉድ ሪከርድስን በ1972 አቋቋመች። በ1973 ደግሞ በዋሽንግተን የተሰባሰቡ ሴቶች ኦሊቪያ ሪከርድስን መሠረቱ። ከቀረጻ መሐንዲስ እስከ አከፋፋይ ሥራው በሴቶች እንዲሠራ ማድረግ ዓላማቸው ነበር። ጆን ፕራይን በታላላቅ ኩባንያዎች ሥር ብዙ አልበሞች ካወጣ በኋላ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኦ ቦይ ሪከርድስን ከአጋሮቹ ጋር አቋቁሟል።

የእነዚህ ሰዎች ሥራ ትቶት ያለፈው ሸክላ ብቻ አይደለም። የሴቶች የሙዚቃ በዓላት፣ በአነስተኛ መጻሕፍት መደብሮች በኩል የሚሠሩ አከፋፋዮች፣ የኮሌጅ ተማሪዎች ማኅበራት፣ በየከተማው ያሉ ትናንሽ የፎክ መድረኮች፣ እነዚህ ሁሉ ዲፍራንኮ ስትነሣ ቆመው የጠበቋት ነበሩ። ያለ እነርሱ የሃያ ዓመት ወጣት የጊታር ሣጥኗን ይዛ የምትሄድበት አድራሻ አይኖራትም ነበር። ይህን ማለት የእርሷን ድፍረት ማሳነስ አይደለም። ድፍረቷ መሬት የረገጠበትን ቦታ ማመልከት ነው።

ባለቤትነት በዘፈኑ ውስጥ

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። ይህ አሠራር በዘፈኖቹ ውስጥ በሦስት መልኩ ይታያል ብዬ አምናለሁ።

አንደኛው የጊታር አመታቷ ነው። ዲፍራንኮ ጊታሯን ከተለመደው ውጭ በተለያየ መልክ ትቃኛለች። በጣቶቿ ላይ ሰው ሠራሽ ጥፍር ለጥፋ፣ በኤሌክትሪክ ሠራተኛ ፕላስተር ጠቅልላ፣ ክሮቹን ትመታቸዋለች እንጂ በለስላሳው አትነካካቸውም። ከአንዱ ጊታር ዜማው፣ ወፍራሙ ድምፅና የከበሮው ምት በአንድነት ይወጣሉ። አንድ ሰው ብቻውን ሆኖ በሚጫጫ መጠጥ ቤት ውስጥ ጆሮ ማግኘት ሲኖርበት እንዲህ ያለ አመታት ያስፈልገዋል። የጉዞው ኢኮኖሚ ባንድ ለማስከተል አይፈቅድም፤ ስለዚህ ጊታሩ ራሱ ባንድ ሆነ። በ1990ዎቹ የከበሮ ተጫዋቹ አንዲ ስቶቻንስኪ፣ ኋላም የቤዝ ተጫዋቿ ሣራ ሊ ሲቀላቀሏት እንኳ የሙዚቃው አጥንት ያው ብቸኛ ጊታር ሆኖ ቀርቷል። በ1997 የወጣውና የወርቅ ደረጃ ያገኘው ሊቪንግ ኢን ክሊፕ የተባለው የመድረክ አልበም ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ሁለተኛው ፍጥነቷ ነው። ከ1990 እስከ 1999 ባሉት ዓመታት አልበም ሳታወጣ ያለፈችው አንድም ዓመት የለም፤ በአንዳንዱ ዓመት ሁለት አውጥታለች። ኩባንያ አንድን አልበም አስተዋውቆና ሸጦ እስኪጨርስ ሌላ እንዲወጣ አይሻም፤ ሁለትና ሦስት ዓመት ማስጠበቅ የተለመደ ነው። የራሷ ባለቤት የሆነች ደራሲ ግን ዘፈኗን በትኩሱ ታወጣለች። በሚያዝያ 1999 በኮሎምባይን ትምህርት ቤት ግድያ ተፈጸመ። በዚያው ዓመት ኅዳር የወጣው ቱ ዘ ቲዝ የተሰኘው አልበሟ ስሙን ያገኘበት ዘፈን የጦር መሣሪያ ጥቃትን የሚመለከት ነው። ይህ ፍጥነት ጉዳትም አለው፤ ያልበሰሉ ዘፈኖችና ያልተስተካከሉ ቀረጻዎች በአልበሞቿ ውስጥ እንዳሉ ማንም አድማጭ ያውቃል። ነገር ግን ስለ ወቅታዊ ጉዳይ የሚዘፈን ዘፈን ጊዜው ካለፈ በኋላ ቢታተም ምን ይጠቅማል? የፎክ ዘፈን የዜና ጠባይ በዚህ አሠራር ተመልሶ መጣ ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው ይዘቱ ነው። ስለ ሴት አካል፣ ስለ ፅንስ ማቋረጥ፣ ስለ ፍቅር በሴትና በወንድ መካከል ሳይወሰን፣ ስለ ድህነትና ስለ ጦርነት በግልጥ ዘፍናለች። ከመስከረም 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ የአገሯ የሐዘንና የቁጣ ስሜት ገና ትኩስ ሳለ፣ መንግሥትንም ጦርነትንም የሚተች ረጅም ግጥም በመድረክ አቅርባ በ2002 በወጣ የመድረክ አልበሟ ውስጥ አካትታዋለች። እንዲህ ያለውን ሥራ ማንኛውም ኩባንያ አያሳትመውም ነበር ብዬ አልደመድምም። ፈቃድ የሚጠየቅበት ቢሮ አለመኖሩ ግን በግጥሙ ድምፅ ላይ የሚሰማ ይመስለኛል። ተናጋሪዋ አስቀድማ ራሷን አትከላከልም፤ ለስለስ ያለ መግቢያም አትፈልግም።

ተጽዕኖ ሲባል

ስለ ተጽዕኖ ስንጽፍ ብዙ ጊዜ የምንፈልገው የአዘፋፈን መመሳሰልን ነው፤ ማን እንደ እርሷ ጊታር መታ፣ ማን እንደ እርሷ ስንኝ ቋጠረ እንላለን። ይህም አለ። የእርሷ ተጽዕኖ ዋና መልክ ግን ሌላ ይመስለኛል፤ እርሱም ለሌሎች ቦታ ማበጀት ነው።

ዩታ ፊሊፕስን እንመልከት። ፊሊፕስ (1935–2008) በወታደርነት በኮርያ ያገለገለ፣ ከዚያም በጭነት ባቡር እየተንከራተተ የኖረ፣ የዓለም የኢንዱስትሪ ሠራተኞች ማኅበር አባል የሆነ ዘፋኝና ተራኪ ነበር። ወጣቱ አድማጭ አያውቀውም። ዲፍራንኮ በየመድረኩ የተቀዱ ትረካዎቹን ሰብስባ ከሥራቸው አዲስ ሙዚቃ አነጠፈችላቸው፤ ይህም በ1996 አልበም ሆኖ ወጣ። ሁለተኛው የጋራ አልበማቸው በ1999 ታትሞ ለግራሚ ሽልማት ታጨ። በዚህ መንገድ የሠራተኛው ማኅበር ትውስታ የሽማግሌውን ስም ሰምተው ለማያውቁ የሃያ ዓመት ወጣቶች ደረሰ። የመጀመሪያው ትርጉም ያለው የፎክ ሥራ፣ ማለትም ተቀብሎ ማቀበል፣ ይህ አይደለምን?

መምህሯ ሴኩ ሰንዲያታም በ2000 አልበሙን ያሳተመው በተማሪው ማሳተሚያ ነው። የቫዮሊን ተጫዋቹና ዘፋኙ አንድሩ በርድ በሰፊው ከመታወቁ በፊት በዚሁ ቤት ሥራዎቹን አውጥቷል። የአናይስ ሚቸል ሄድስታውን ደግሞ በ2010 በራይቸስ ቤብ የታተመ፣ ዲፍራንኮም የፐርሰፎኔን ክፍል የዘፈነችበት የፎክ አልበም ነበር። ሥራው አድጎ በ2019 ብሮድዌይ ሲደርስ ምርጥ ሙዚቃዊ ተውኔት የሚለውን ጨምሮ 8 የቶኒ ሽልማቶችን ወሰደ። በ2024 ዲፍራንኮ ራሷ በዚያው መድረክ ላይ ያንኑ ገጸ ባሕርይ ተጫወተች። ፕሪንስም ከታላቅ ኩባንያ ጋር በባለቤትነት ጉዳይ ለዓመታት ከታገለ በኋላ፣ በ1999 በእርሷ አልበም ላይ ዘፍኗል፤ እርሷም በእርሱ አልበም ላይ ጊታር ተጫውታለች።

ለቡፋሎም የቀረላት ነገር አለ። ዲፍራንኮ ማሳተሚያዋን ወደ ኒውዮርክ ወይም ወደ ሎስ አንጀለስ አላዛወረችም። ሊፈርስ የነበረ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ከሥራ አስኪያጇ ከስኮት ፊሸር ጋር አድሳ ለማሳተሚያው ቢሮ፣ ለሙዚቃ አዳራሽና ለሥነ ጥበብ ማዕከል እንዲሆን አድርጋለች። ሥራ ከሚሸሽባት ከተማ የወጣች ዘፋኝ ሥራ ይዛ መቅረቷ በግጥም ትንተና ውስጥ አይታይም፤ ከሥራዎቿ አንዱ ግን ነው።

ነጻነት የሚያስከፍለው

እስካሁን ያልሁት ውዳሴ እንዳይመስል ተቃራኒውንም ማየት ይገባል። በ1997 ሚዝ የተባለው የሴቶች መብት መጽሔት ዲፍራንኮን ለቀጣዩ ክፍለ ዘመን አርአያ ከሚሆኑ ሴቶች ጋር አነሣት፤ ያነሣት ግን በአብዛኛው ከእያንዳንዱ አልበም በምታገኘው ገንዘብ ነበር። እርሷም በግልጽ ደብዳቤ መለሰች። የደብዳቤው መንፈስ፣ የሕይወቴ ትርጉም የሽያጭ ሒሳብ አይደለም፤ ዘፋኝና ደራሲ መሆኔ ይቅደም የሚል ነው። ይህ ክስተት ለእኔም ማስጠንቀቂያ ነው። ባለቤትነትን እናጥና ስል ዘፋኟን ወደ ስኬታማ ነጋዴነት ዝቅ የማድረግ አደጋ አለ። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው። መጽሔቱ ገንዘቡን መጨረሻ አደረገው፤ እኔ ግን ወደ ዘፈኑ የሚያስገባ በር ነው እላለሁ።

ከዚህ የከበደው የ2013 ጉዳይ ነው። ዲፍራንኮ የዘፈን ድርሰት ዐውደ ጥናት በሉዊዚያና በሚገኘው በኖቶዌይ ሊካሄድ መሆኑን አስታወቀች። ኖቶዌይ በባርነት ዘመን ብዙ ጥቁር ሕዝብ በግዞት የሠራበት፣ ኋላ የመዝናኛ ሆቴል የሆነ የሸንኮራ እርሻ ነበር። አድማጮቿ፣ በተለይም ጥቁር ሴቶች፣ አጥብቀው ተቃወሙ። ዐውደ ጥናቱን ሰረዘችው፤ የመጀመሪያው መግለጫዋ ግን ራስን ወደ መከላከል ያዘነበለ ነው ተብሎ ቁጣውን አባባሰው። በቀናት ልዩነት ሁለተኛ፣ አጭርና ግልጽ ይቅርታ ጠየቀች።

ብዙዎች ይህን የግል ስሕተት አድርገው ያልፉታል። እኔ ግን ከተቋሙ ጋር የተያያዘ ነው እላለሁ። ከኩባንያ ነጻ መሆን ከታሪክ ነጻ መሆን አይደለም። ፈቃድ የሚጠየቅበት ቢሮ አለመኖሩ ግጥሟን ደፋር እንዳደረገው ሁሉ፣ «ይህ ቦታ ምን እንደ ነበር አስበሻል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰውም አቅራቢያዋ እንዳይኖር አድርጎ ይሆናል። በሌላ በኩል፣ የተቆጡት ሰዎች ቁጣቸውን ለእርሷው ማቅረባቸው፣ እርሷም በራሷ ስም መመለስ ግዴታ እንደ ሆነባት ማየታችን፣ ይኸው አሠራር ለተጠያቂነትም ቦታ እንዳለው ያሳያል። የሚከልላት ኩባንያ አልነበረም። ተቺዎቿም እርሷን የመሠረቷት ማኅበረሰብ አባላት ነበሩ፤ ካሴቷን እየቀዱ ያሰራጩ ሰዎች ዕዳ ጠየቁ ማለት ነው።

ሌላ ተቃውሞም ሊነሣ ይችላል። ዛሬ ማንም ሰው ዘፈኑን በኢንተርኔት ያለ ኩባንያ ማውጣት ስለሚችል የዲፍራንኮ ምሳሌነት ጊዜው አልፎበታል የሚል ነው። በእኔ አስተያየት ነገሩ ተቃራኒ ነው። ዛሬ ዘፈን ማውጣት ቀላል ሆነ፤ ነገር ግን ማን ለማን እንደሚደርስ የሚወስኑት ጥቂት ታላላቅ መድረኮች ናቸው። ዘፋኙ ዋናው ቅጂ የራሱ ቢሆንም መንገዱ የራሱ አይደለም። የዲፍራንኮ ታሪክ የሚያስተምረን ከዋናው ቅጂ እኩል መንገዱም፣ ማለትም መድረኩ፣ አከፋፋዩና የአድማጩ መተማመን፣ መሠራት እንዳለበት ነው።

ማጠቃለያ

ስለ አንድ ዘፋኝ የጀመርሁት ክርክር መድረሻው የጥናታችን ልማድ ነው። በትምህርት ክፍሎቻችን የዘፈን ጥናት ሲቀርብ ግጥሙ በሥነ ጽሑፍ፣ ዜማው በሙዚቃ፣ ገበያው በኢኮኖሚ ይከፋፈልና እያንዳንዳችን የደረሰንን ይዘን እንሄዳለን። የዲፍራንኮ ሥራ ይህን ክፍፍል አይቀበልም። የጊታር አመታቷን ያለ መጠጥ ቤቱ፣ ፍጥነቷን ያለ ማሳተሚያዋ፣ ድፍረቷንም ስሕተቷንም ያለ አድማጮቿ ማስረዳት አልቻልሁም።

ስለዚህ ለባልደረቦቼ የማቀርበው ሐሳብ ከባድ አይደለም። የዘፈን ግጥም የሚተነትን ማንኛውም የድኅረ ምረቃ ጥናት ሦስት ጥያቄዎችን በትንተናው ውስጥ ይመልስ፦ ዋናው ቅጂ የማን ነው? ዘፈኑ ወደ አድማጩ በማን መንገድ ደረሰ? ደራሲው ቢሳሳት መልስ የሚሰጠው ለማን ነው? መልሱ ሁልጊዜ የግጥሙን ትርጉም ይለውጣል አልልም። በእኔ ጥናት ግን ለውጧል። «የጀርባ መረጃ» የሚለውን ርእስ ሰርዤ ያችን ገጽ የጥናቴ ሁለተኛ ምዕራፍ አድርጌአታለሁ።